የጓንት ሻጯ ፊት

የወንድሜ ሚስት ኦቲሊ ሽትራውብ ጓንት ሻጭ ነበረች። አስቀድሜ ይህን የምናገረው፣ ሥዕሏን በሙዚየም ያዩ ሰዎች የባለባንክ ሚስት ወይም የመሳፍንት ዘር ስለምትመስላቸው ነው። ከሥዕሉ ሥር «የሠዓሊው ደጋፊ» ተብሎ ተጽፏል። መደገፉንስ ደግፋዋለች፤ እሱ ቀጥ ብሎ ቆሞ እሷ እስክትጎብጥ ድረስ። እኔን የሚያንገበግበኝ ስለ ሠዓሊው ወፍራም ወፍራም መጽሐፍ ሲጻፍ፣ ስለ እሷ ግን ከዚያች ከአንዲት መስመር ሌላ አለመኖሩ ነው። እኔ ጸሐፊ አይደለሁም፤ ምላሴ ግን ገና አልዶለዶመም።

የተወለደችው ከጀርመኗ የኬምኒትዝ ከተማ ወጣ ብሎ ካለ መንደር፣ ከቆዳ ፋቂ ቤት ነው። በሃያ ዓመቷ ለወንድሜ ለኤርሃርድ ተዳረች። ኤርሃርድ ደግ ሰው ነበር፤ ለደግ ሰው ዕድሜ አይሰጠውምና ልጃቸው ኮንራድ ገና ፊደል ሳይለይ ኤርሃርድ በሳንባ ምች ሞተ። ከዚያ ወዲያ ሱቁን እኔና እሷ ያዝነው። እኔ ባል አላገባሁም፤ ያልፈለግሁ ይመስል ብዙ ጊዜ ሌላ ምክንያት እደረድራለሁ እንጂ እውነቱ የጠየቀኝ አለመኖሩ ነው። እሷ ቆዳውን ትቆርጣለች፣ እኔ እሰፋለሁ። እሷ ከደንበኛ ጋር ትስቃለች፣ እኔ ከደንበኛ ጋር እጣላለሁ። ሥራችን በዚህ ዓይነት ተከፋፍሎ ጥሩ ይሄድ ነበር።

ኦቲሊ ክብ ፊት፣ ቀይ ጉንጭ፣ ከምድጃ አሁን የወጣ ዳቦ የምትመስል ሴት ነበረች። ሐዘን እንኳ ፊቷ ላይ ብዙ አይቆይም። ባሏን በቀበረች በወሩ ኮንራድ የድመት ድምፅ ሲያወጣ አይታ እስክትንፈራፈር ስትስቅ ጎረቤት አምቷታል። እኔም ትንሽ አምቻታለሁ። በኋላ ነው የገባኝ፤ ያቺ ሴት የምትስቀው ለልጇ ብላ ነበር፤ ልጇ ካለ ዓለም ሁሉ ያለ ይመስላታል።

ማግኑስ ሬትሽ ወደ ሱቃችን የመጣው ጦርነቱ ሳይጀመር ነው። ረጅም፣ ኮቱ ክርኑ ላይ ያለቀ፣ ጥፍሩ ሥር ቀለም የጠቆረበት ጎልማሳ። ጓንት ሊገዛ አልነበረም፤ የግልገል ቆዳ ቁራጭ ካላችሁ ስጡኝ አለ። ሥዕሉን እንጨት ላይ ቀርጾ በወረቀት የሚያትም ሰው ነው፤ ቀለሙን እንጨቱ ላይ የሚመታበትን ድቡልቡል ነገር የሚሠራው እንዲህ ባለ ለስላሳ ቆዳ ነው። ቁራጩን ለአሻንጉሊት ሠሪዎች እንሸጠዋለን ብዬ ላሰናብተው ስል ኦቲሊ አንድ ጆንያ ሙሉ አሸከመችው።

በሳምንቱ ምስጋና ብሎ አንድ ወረቀት ይዞ መጣ። ጥቁር የፋብሪካ ጭስ መውጫ፣ ከሥሩ ያጎነበሱ ሴቶች፣ ፊታቸው በመጥረቢያ የተጠረበ የሚመስል። ሥዕል ማለት ይህ ከሆነ እኔም ከሰል ይዤ እሞክራለሁ ብዬ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። ወረቀቱን ይዛ መስኮቱ ዘንድ ቆመችና ቆየች። ከዚያ አንዷን ሴት በጣቷ እያሳየች «ሄዴ፣ ይህቺ እኮ እናቴ ናት» አለችኝ። እናቷ ፋብሪካ ገብታ አታውቅም። ግን ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበርና ወደ ስፌቴ ተመለስኩ።

ከዚያ በኋላ ምኑን ልንገራችሁ። የእነሱ ወገን ሠዓሊዎች አንድ ልማድ አላቸው፤ ደጋፊ የሚሆን ሰው በየዓመቱ መዋጮ ይከፍላል፣ በምላሹ የዓመቱ አዲስ ሥዕሎች በአቃፊ ይላኩለታል። ኦቲሊ የመጀመሪያዋ ሆነች። በዚህም አላበቃች፤ የመድኃኒት ቤቱን ባለቤት፣ የጥርስ ሐኪሙን፣ ቄሱን ሳይቀር ጓንት እየለካች ለምና አስገባቻቸው። ወረቀቱን የምትገዛለት እሷ፤ የምድጃውን ከሰል የምትልክለት እሷ፤ ሲያስለው ጉሮሮው ላይ የሚጠመጠመውን ሻሽ የሠራችለት እሷ። የሥጋ ሻጩ ሚስት ሱቃችን በገባች ቁጥር ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን እያየች «እነዚህ ደግሞ ሰዎች ናቸው ወይስ ያረረ ቋሊማ?» ትል ነበር። ኦቲሊ ከእሷ ጋር አብራ ትስቅና የጓንቷን ዋጋ አትቀንስላትም።

ሬትሽ ይህን ሁሉ ሲቀበል አንድም ቀን አመሰግናለሁ ሲል አልሰማሁም፤ ከዚያች ከመጀመሪያዋ ወረቀት በቀር። ኮንራድ አልወደደውም። አሥራ ስድስት ዓመቱ ነበር፤ አንድ ቀን እራት ላይ «እማዬ፣ ያ ሰውዬ ሲያይሽ እኮ ሥጋ ሻጭ ጊደር የሚያይ ነው የሚመስለው» አላት። እሷም ሠዓሊ እንዲያ ነው የሚያይ፣ ሙያው ነው ብላ ሾርባውን ጨመረችለት። ለመሆኑ እሷ በዚያ ሰው ምን አገኘች ብትሉኝ፣ የሚያይ ዓይን አገኘች ነው የምለው። ባልቴት ጓንት ሻጭን ማን ያያል? ደንበኛው እጁን ዘርግቶ ይለካል፣ ከፍሎ ይወጣል።

ጦርነቱ መጣና ኮንራድ አሥራ ዘጠኝ ሲሞላው ወሰዱት። ሬትሽን ደረቱ ደካማ ነው ብለው ተዉት። ሦስተኛው ዓመት ላይ ድንች ጠፍቶ ለከብት የሚዘራውን ሥራ ሥር መብላት ጀመርን፤ ሾርባው እሱ፣ ዳቦው እሱ፣ ማርማላታው እሱ። ቆዳ ሁሉ ለሠራዊት ስለሄደ ከጨርቅ ጓንት እንሰፋ ነበር። ያን ጊዜ ነው ኦቲሊ ለመጀመሪያ ጊዜ ለራሷ አንድ ነገር የለመነችው። ሬትሽ ፊቷን እንዲሠራላት። ሱቁ ውስጥ ሰቅላው ኮንራድ ሲመለስ በሩን ከፍቶ መጀመሪያ የሚያየው እሱን እንዲሆን ነው ሐሳቧ። «በእኔ ላይ እንዲስቅ እፈልጋለሁ» አለችኝ፤ «ከዚያ ሁሉ ነገር ሲመጣ የሚስቅበት ይፈልጋል።»

ረቡዕ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሱቁን ዘግተን እንሄድ ጀመር። ባልቴት ለብቻዋ ወንድ ቤት አትገባምና እኔ ምድጃው አጠገብ ተቀምጬ ካልሲ እሠራለሁ። ሬትሽ መጀመሪያ በእርሳስ አይነድፍም፤ መሮውን ይዞ ቀጥታ እንጨቱ ላይ ነው። ሠርቶ ሠርቶ አንድ ሰሌዳ ሲጨርስ ያትመውና ያየዋል፣ ከዚያ ሰሌዳውን ሰብሮ ምድጃ ውስጥ ይጨምረዋል። እኛ ባመጣነው ከሰል ላይ የእሷ ፊት ይነድዳል። አንድ ቀን መሮውን ወርውሮ «ወይዘሮ ሽትራውብ፣ በእርስዎ ፊት ላይ ምንም ነገር ደርሶ አያውቅም። የሸክላ ሳህን ነው» አላት። ባሏን የቀበረች፣ ልጇን ወደ እሳት የላከች፣ በረሃብ ጉንጯ የሟሸሸ ሴት ነች። እሷ ይቅርታ ጠየቀችው።

አሁን የምነግራችሁን በጊዜው አላወቅሁም። ነገር ግን በሆነበት ቦታ ልናገረው፤ ያኔ እኛ ያላየነውን እናንተ እያያችሁ ሂዱ።

በየካቲት አንድ እሑድ እኔና ኦቲሊ ድንች ፍለጋ ወደ መንደሯ ሄደን ነበር። በዚያው ቀን ብሩኖ ሃንከ የሚባል፣ ከኮንራድ ጋር በአንድ ሰፈር ያደገና በአንድ ጓድ የዘመተ ልጅ፣ እጁ ቆስሎ በፈቃድ ወደ ከተማ ይመጣል። ሱቃችን ዝግ ይሆንበታል። ጎረቤት ከዚያ ከሠዓሊው ቤት አትጠፋም ይለዋል። ደረጃውን ወጥቶ ሬትሽን ያገኘዋል፤ ይነግረዋልም። ኮንራድ ሞቷል። ምሽጉ በመድፍ ተደርምሶ ከነሕይወቱ ተቀብሯል፤ አስከሬኑ አልተገኘምና መንግሥት እስኪያረጋግጥ ገና ብዙ ይቆያል። ብሩኖ ግን በዓይኑ አይቷል።

ሬትሽ ልጁን አስቀመጠው፣ ውኃ ሰጠው። ከዚያ እንዲህ አለው፤ ወይዘሮዋ ልቧ ደካማ ነው፣ ሱቅ ውስጥ ደንበኛ ፊት እንዲህ ያለ ነገር ሰምታ ብትወድቅ ማን ያነሳታል? ረቡዕ ከሰዓት በኋላ እዚህ ትመጣለች፤ ሙቀት አለ፣ ወዳጅ አለ፣ የባሏ እኅትም አብራት ናት። ያን ጊዜ ና። እስከዚያ ለማንም አትንገር፣ በእነሱ መንገድም አትለፍ። ብሩኖ ሃያ ዓመት ያልሞላው፣ ያን ቃል ለመናገር አፉ የደረቀ ልጅ ነው። የተማረ ትልቅ ሰው ሲመክረው ደስ አለው፤ ለጥቂት ቀን ከዚያ ሸክም ዳነ።

ማክሰኞ ቀን ሬትሽ ሱቃችን መጣ። ማክሰኞ መጥቶ አያውቅም። ኦቲሊ የጋብቻ ቀን ጉትቻዋን ለገበሬ ሰጥታ ያመጣችውን የአሳማ ስብ ለኮንራድ ልትልክ በጨርቅ ትጠቀልል ነበር። እኛ አልቀመስነውም። የግንባር ፖስታ በደንብ ያልተጻፈ አድራሻ ስለሚያጠፋ ትጨነቃለች። ሬትሽ ብዕሩን ከእጇ ወሰደና የልጇን ስም፣ የሻለቃውን ቁጥር፣ ሁሉን በዚያ በሚያምር እጅ ጽሑፉ ጻፈላት። አድራሻውን ስትነግረው፣ ስትቋጥር፣ ስለ ኮንራድ ስታወራ ፊቷን ያይ ነበር። ሾርባችንን በልቶ ሄደ።

ረቡዕ ስንገባ ክፍሉ ተስተካክሎ አገኘነው። ወንበሯ ወደ መስኮቱ ቀርቧል። አዲስ ሰሌዳ፣ ጥብቅ የፍራፍሬ ዛፍ እንጨት፣ ፊቱ በጥቁር ቀለም ተቀብቶ ተዘጋጅቷል። መሮዎቹ ሁሉ ተስለዋል። ዛሬ ምነው እንደ ሰርግ ቤት አሳመርከው አልኩት። ኦቲሊ ተቀመጠች። እሱ ጥቂት ጫረ፣ ግን ሥራ አልነበረም፤ ጆሮው ደረጃው ላይ ነበር።

በሩ ተንኳኳና ብሩኖ ገባ። እጁ በጨርቅ ታስሮ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል። ኦቲሊ አየችውና ፊቷ በራ።

«ብሩኖ! መቼ መጣህ? አብራችሁ ነው የመጣችሁት?» አለችው። ከኋላው ወደ በሩ ታይ ነበር።

ብሩኖ ቆቡን አወለቀ። «አይመጣም፣ እትዬ» አላት።

«ፈቃድ ከለከሉት?»

«አይመጣም፣ እትዬ ኦቲሊ። ኮንራድ የለም። አፈሩ ወደቀበት። እጄን ዘርግቼ ነበር፣ አልደረስኩም።»

አልጮኸችም። አፏ ተከፈተና ድምፅ አልወጣም፤ ጉንጯ፣ ግንባሯ፣ አገጯ ሁሉም በየፊናው ሄደ፤ ያቺ የማውቃት ሴት ከፊቷ ወጥታ ስትሄድ አየሁ። ልነሣ ስል አንድ ድምፅ ሰማሁ። ፍቅ፣ ፍቅ፣ ፍቅ። እንጨት የሚፍቅ መሮ ነበር።

ሬትሽ ሰሌዳው ላይ ጎንበስ ብሎ እየቀረጸ ነው። ሽርፍራፊው ደረቱ ላይ ይበራል። ቀና ብሎ እያያት፣ ድምፁን ለስለስ አድርጎ «እንዳሉ ይሁኑ፣ ወይዘሮ ሽትራውብ። ፊትዎን ትንሽ ወደ ብርሃኑ» አላት።

እሷም ወደ ብርሃኑ አዞረችለት። ለስንት ረቡዕ ያንን ቃል ሰምታ የምታዞረው ሴት ናት፤ አንገቷ ለመደ። ልጇ የሞተ መሆኑን ሰምታ አንገቷ ለሠዓሊው ታዘዘ። እኔ በዕድሜዬ ብዙ ክፉ ነገር አይቻለሁ፤ ከዚህ የከፋ አላየሁም።

ሄጄ አቀፍኳት። «ሴትዮ፣ ከብርሃኑ ዞር በይ» አለኝ። ሻርፔን አውልቄ ከራሷ እስከ ጉልበቷ ሸፈንኳት። ያን ጊዜ መሮው ቆመ። የፈለገውን ግን አግኝቶ ነበር።

ያኔ የመሰለኝ ሰውዬው ያገኘውን አጋጣሚ የማያሳልፍ አውሬ መሆኑ ነው እንጂ አጋጣሚውን ራሱ የሠራው መሆኑ አልመጣልኝም። ኦቲሊ ደግሞ ከእኔ የባሰች ናት። በሐዘኗ መካከል «እንኳን ሱቅ ውስጥ ሆኜ አልሰማሁት፣ እንኳን ከወዳጅ ቤት ሆነ» ትላለች። መሮውንስ ብላት፣ እሱም ደንግጦ እጁ የሚያደርገው ጠፍቶት ነው አለችኝ። ሳይደግስ አይጣላም ይባላል፤ እሷ በዚያ ቤት ውስጥ የእግዜርን ድግስ ትፈልግ ነበር።

ሬትሽ የዓመቱን መጨረሻ መጠበቅ አልቻለም። ሥዕሉን በእሷው ወረቀት አትሞ ለደጋፊዎቹ ሁሉ ላከ። ለእሷ ለራሷ ያልላከው ከይሉኝታ ይሁን ከመርሳት አላውቅም። አንድ ጠዋት ኦቲሊ የልብ ጠብታ ልትገዛ መድኃኒት ቤት ገባችና ከባንኮኒው ጀርባ፣ በሳል ሽሮፕና በጉሎ ዘይት መካከል፣ ራሷን አገኘች። የተከፈተ አፍ፣ የተገለበጠ ዓይን። ባለ መድኃኒት ቤቱ በኩራት፣ ከተማውን ሁሉ አስደነቅሽው እኮ፣ የድፍን ጀርመን እናት ማለት አንቺ ነሽ አላት። ጠብታውን ሳትወስድ መጣች። ያን ቀን ምንም አልሠራችም፤ ለጓንት ማሳያ ለምናቆመው የእንጨት እጅ ጓንት እያጠለቀችለት፣ መልሳ እያወለቀችለት ዋለች።

የአሳማ ስቡም በዚያው ሰሞን ተመልሶ መጣ። የዚያ ውብ ጽሑፍ አንዲት ፊደል አልተበላሸችም፤ በላዩ በቀይ ማኅተም «ተቀባዩ አልተገኘም» ተመትቶበታል። ስቡ ጎምዝዞ ነበር። በላነው። እያለቀስን፣ ለከብቱ ሥራ ሥር ማባያ አድርገን በላነው። ረሃብ ይሉኝታ የለውም።

ብሩኖ ወደ ግንባር ከመመለሱ በፊት ሊሰናበተን ሱቃችን መጣ። ሻይ አፈላሁለት። ልጁ ልቡ ያልተረጋጋ ነበርና ወዲያ ወዲህ ሲል ቆይቶ፣ «እትዬ፣ እሑዱኑ ልነግርሽ ፈልጌ ነበር። ያ ሠዓሊ ነው እስከ ረቡዕ ቆይ ያለኝ። ለልብሽ አስቦ ነው። ግን እነዚያን ቀናት ሁሉ ከተማው ውስጥ ተደብቄ ስዞር ሌባ ነበር የምመስለው፤ ይቅር በይኝ» አለ።

ኦቲሊ ልጁን ይቅር አለችው፤ ግንባሩን ስማ ሸኘችው። በሩን ዘጋች፤ እጇን ግን ከመዝጊያው አላነሣችም። «ማክሰኞ» አለች። «ሄዴ፣ ማክሰኞ እኮ አድራሻውን ጻፈልኝ።»

ኮቷን ስትለብስ እኔም ለበስኩ። በመንገድ እሷ ፊት ፊት ትሄዳለች። እኔ እንደ ልማዴ ስራገም ነበር፤ ያጎረሰውን እጅ የሚነክስ ውሻ እንኳ ጅራቱን ቆልቶ ነው የሚነክስ እያልኩ። የምትፈልገው ምን እንደሆነ የነገረችኝ ደረጃው ሥር ስንደርስ ነው። እንጨት ላይ ቀርጸው የሚያትሙ ሰዎች፣ የተባለው ቁጥር ታትሞ ሲያልቅ ሰሌዳውን ይሰርዙታል፤ መሮ ይሳብበትና ፊቱ ይበላሻል፣ ከዚያ ወዲያ ማንም እንዳያትምበት። መሰረዙን የሚያሳይ አንዲት ወረቀት ይታተምና በቃ። ወረቀቱን የገዛ ሰው ሰሌዳው ሲሰረዝ ቆሞ የማየት መብት አለው። ኦቲሊ ያንን ልትጠይቅ ነው የመጣች። የተሰቀሉትን መልቀም ባትችልም፣ ያ ፊት ከእንግዲህ እንዳይበዛ።

ሬትሽ በሩን ከፈተ። ክፍሉ ውስጥ በተወጠረ ገመድ ላይ አዳዲስ ኅትመት ተሰቅሎ ይደርቅ ነበር፤ ሁሉም እሷ ናት።

«ብሩኖ እሑድ መጥቶልህ ነበር?» አለችው። አንተ ብላው አታውቅም ነበር።

«መጥቶ ነበር።»

«ማክሰኞ የልጄን ስም ስትጽፍ መሞቱን ታውቅ ነበር።»

«አውቅ ነበር። ፊደሉ እንዳይዛባ ተጠንቅቄ ነው የጻፍኩት።»

እኔ ስድብ ጀመርኩ፤ እሷ በእጇ ዝም አሰኘችኝ። ለምን እንደሆነ ጠየቀችው። እሱ አልተቆጣ፣ አላፈረም፤ ስለ አየር ሁኔታ የሚያወራ ይመስል ነበር። «ሌሎቹን ሰሌዳዎች አይተዋቸዋል። ምንም አልነበሩም። ሞቱን እኔ አላመጣሁትም፣ ወይዘሮ ሽትራውብ፤ ቀኑን ብቻ ነው የመረጥኩት። አሁን ያን ፊት የሚያይ ሰው ሁሉ ልጅዎን ያለቅሳል።»

«ለልጄ ያለቀስኩት የመጀመሪያ ለቅሶ ነው» አለች። «የእሱና የእኔ ነበር። ለሽሮፕ ማሻሻጫ አልነበረም። ሰሌዳውን እሰርዛለሁ፤ በእጄ ነው የምሰርዘው። መሮውን ስጠኝ።»

ይከራከራል ብዬ ነበር። አልተከራከረም። ሰሌዳውን አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ አሰረው፣ ከመሮዎቹ ሰፊውን መረጠና እጀታውን ወደ እሷ አድርጎ ሰጣት። ከዚያ ወደ ኋላ ሄዶ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ፤ እጇንም ፊቷንም ከሚያይበት ቦታ።

የኦቲሊ ክንድ ሃያ ዓመት ቆዳ የቆረጠ ክንድ ነው። ከግንባሩ ጀምራ በግራ ዓይን ላይ እስከ አፍ አወረደችው። እንጨቱ ጮኸ። ዳግመኛ በጉንጩ ላይ፤ ዳግመኛ በአፉ ላይ። ያን ጊዜ ድምፅ ወጣላት፤ ያ ረቡዕ ታፍኖ የቀረው ጩኸት። ኮንራድ፣ ኮንራድ እያለች ፊቷን ታርሰዋለች። መሮው አምልጦ ግራ መዳፏን ሰነጠቃት፤ አላቆመችም። ከታች የሚኖሩ ሰዎች ጣሪያውን በመጥረጊያ እንጨት ደበደቡ። ክንዷ እምቢ ሲላት ወንበሩ ላይ ወደቀችና እጇን በመሐረቤ አሰርኩላት። ሥዕሉ ሞተልን፣ ተገላገልነው ብዬ አሰብኩ።

ሬትሽ መጣ። ሽርፍራፊውን በትንፋሹ እፍ አለ። ቀለሙን ቀባው፣ ትልቅ ወረቀት አለበሰው፣ ጀርባውን በማንኪያ ማሸት ጀመረ፤ ጥግ ጥጉን ሳይቀር። ያቺ የመሰረዣዋ ማስረጃ ናት ብዬ አልከለከልኩትም። ሲያነሣው ግን አየሁት። ነጭ ቁስል ከግንባር እስከ አገጭ ወርዶ፣ ጩኸቱ አሁን አፍ ብቻ ሳይሆን ፊቱ በሙሉ ሆኖ ነበር። እኔ ስለ ሥዕል ምንም የማላውቅ ሴት ፈራሁት። የመጀመሪያው ከዚህ ጎን ሲታይ የልጅ ጨዋታ ነው።

«አሁን ገና አለቀ» አለ ሬትሽ። ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ሲል አየሁት። «የጎደለውን እርስዎ ጨረሱት። ከዚህ ነው የማትመው፤ ያኛውን ይርሱት።»

ወረቀቱ እርጥብና ሰፊ ነበር፤ ለብቻው መስቀል አልቻለም፣ መሐሉ ላይ መታጠፍ ጀመረ። ወደ ኦቲሊ ዞረና «ይህን ጫፍ ይያዙልኝ» አላት።

ተነሥታ ያዘችለት። ደሙ ወረቀቱን እንዳይነካው የታሰረውን እጇን ወደ ኋላ አሽሽታ፣ በደህናው እጇ፣ በሁለት ጣቷ ብቻ። ሰቅሎ እስኪጨርስ ያዘችለት። እኔ ደረጃው ላይ ስንወርድ የምችለውን ሁሉ ሰደብኩት፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት እኔ ነኝ።

ሠዓሊው በዚያ ሥዕል ከፍ ብሎ በርሊን ገባ። ስለ እነዚያ ነጭ ቁስሎች የእጁን ድፍረት እያደነቁ የጻፉ ሰዎች ቁጥር የላቸውም። ሱቃችን ደግሞ አዲስ ዓይነት ደንበኛ አገኘ፤ ጓንት እየለኩ በግራ ጉንጯ ላይ ጠባሳ የሚፈልጉ። ኦቲሊ ፊቷን ሳትሸሽግ ትለካላቸው ነበር፤ ሳቋ ግን ከዚያ ወዲያ አልተመለሰም። ስለ ሬትሽ ክፉም ደግም ስትናገር ሰምቼ አላውቅም። የኮንራድ መቃብር እስከ ዛሬ አልተገኘም።

በሞተችበት ዓመት፣ ታማ በተኛችበት፣ ለዘመናት ያንገበገበኝን ጠየቅኋት። ያን ሁሉ ካደረገሽ በኋላ፣ ያን ቀን ጫፉን ለምን ያዝሽለት አልኳት። እኔን እንደ ሞኝ እያየች መለሰችልኝ።

«ይቀደድ ነበራ፣ ሄዴ።»